ዳገቱን ሁሉም ያስበዋል፤ ቁልቁለቱን ማን አሰበው?

አዲስ አበባ ውስጥ ከኮሪደር ልማቱ ጋር የብስክሌት መስመር መሰመር ከጀመረ ወዲህ በጎዳናዎቿ ላይ አንድ ለውጥ ይታያል። ብስክሌት የልጆች መጫወቻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ማለዳ ሄልሜት አጥልቀው በቡድን የሚወጡ አዋቂዎች የሚነዱት ነገር ሆኗል። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹን ከተማው ይጠባቸዋል። መጀመሪያ እንጦጦን ይሞክራሉ፤ ቀጥሎ ሱሉልታን፣ ከዚያ ጫንጮን። ጫንጮ ደርሶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ የሚያነሳት ጥያቄ ትታወቃለች፦ «ዓባይ በረሃን መቼ ነው የምናቋርጠው?»

ጥያቄዋ ደስ ትላለች። የሚያሳስበው ከእሷ በኋላ የሚመጣው ዝግጅት ነው። ወሬው ሁሉ ስለ እግር ነው፤ ስለ ጉልበት፣ ስለ ሳንባ፣ «ያንን ዳገት ትወጣዋለህ ወይ?» ስለሚለው። ዳገት ግን ቢከፋ ቢከፋ የደከመውን ሰው ከብስክሌቱ ያስወርደዋል። ወርዶ ይገፋል፣ እረኞች ይስቁበታል፣ አምሽቶም ቢሆን ይደርሳል። ቁልቁለት እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። ተራራማ አገር ላይ ረጅም ጉዞ ያሰበ ሰው ዝግጅቱን ከፍሬኑ መጀመር ሲገባው ከጭኑ ይጀምራል። ከፍሬኑም ባሻገር ብስክሌተኛው ብቻውን ሊዘጋጅበት የማይችል፣ ሌላ አካል ሊያዘጋጅለት የሚገባ ነገር አለ፦ መንገዱ ራሱ። ስለዚህኛው የሚናገር ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ጉዞው በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። እንበል አንድ ጤነኛ ወጣት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሦስት ቀን ደጀን ሊገባ አቅዷል። የመጀመሪያው ቀን እስከ ፍቼ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛው ከፍቼ እስከ ጎሐ ጽዮን ወደ 70 ኪሎ ሜትር። ሦስተኛው ቀን ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወረቀት ላይ ሲታይ ሦስተኛው ቀን የዕረፍት ቀን ይመስላል፤ የጉዞው ፈተና በሙሉ ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ድልድዩ ከ1,100 ሜትር ብዙም ያልራቀ ከፍታ ላይ ነው። ደጀን ደግሞ ተመልሳ ወደ 2,400 ትጠጋለች። በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል መውረድ፣ ወዲያው በሌላ 20 ኪሎ ሜትር ያንኑ ያህል መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ ደጋ አገር ላይ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ኪሎ ሜትር ብቻ ከቆጠረ ይታለላል። በቀን ስንት ሜትር ሽቅብ፣ ስንት ሜትር ቁልቁል የሚለው ነው መቆጠር ያለበት። ይህን የሚቆጥር የስልክ መተግበሪያ ሞልቷል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ሻንጣው ተደምረው 85 ኪሎ ይመዝናሉ ቢባል፣ ይህ ክብደት 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 1.17 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ሦስት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ይህ ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በፍጥነት የሚወርድ ሰው ብዙውን ለነፋስ ይሰጠዋል። ፈርቶ ከላይ እስከ ታች ፍሬን እንደያዘ የሚንፏቀቅ ሰው ግን ሁሉንም ማለት ይቻላል ለፍሬኑ ያሸክመዋል። በአብዛኞቹ ርካሽ ብስክሌቶች ላይ ፍሬኑ የሚጨብጠው ቸርኬውን ነው። ቸርኬው ሲግል ካላማዳሪው ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየር ይወጠራል፣ ጎማው መታጠፊያ መሐል ሊፈነዳ ይችላል። ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌትም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ በዘይት የሚሠራው ዓይነት ከመጠን በላይ ከጋለ እጀታው መሪው ድረስ እየተጨበጠ መያዝ ያቆማል።

እዚህ ላይ ያለው ነገር ለጀማሪ ግራ ያጋባል። ጥንቃቄ የሚመስለው አነዳድ ማለትም ፍሬን ሳይለቁ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ፍሬኑን ቶሎ የሚያቃጥለው ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከመታጠፊያው በፊት ቀጥታው መንገድ ላይ በሁለቱም ፍሬን ጠበቅ አድርገው ፍጥነቱን ይሰብሩታል፣ ከዚያ ይለቁታል፣ ቸርኬው እንዲበርድ ነፋስ ያስመቱታል። መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ መያዝ፣ በተለይ የፊቱን ፍሬን ብቻ፣ መሬት ላይ የሚያስተኛ ነው። ሰውነት ወደ ኋላ፣ ዓይን ወደ መታጠፊያው መውጫ። በየአራት አምስት ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ከመንገድ ወጣ ብሎ ቆሞ ቸርኬው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። ውሃው ከጨሰ ገና ነው፤ ይቆየዋል። በጣት መፈተሽ አይመከርም፤ ምክንያቱን አንድ ጊዜ የሞከረ ያውቀዋል።

ይህን የሚማሩት ጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ቆመው አይደለም። እንጦጦ ከከተማው ራስጌ ተቀምጧል። የሚያሳዝነው እንጦጦን የሚወጡ ብስክሌተኞች ልምምዱን የሚጨርሱት ጫፍ ላይ መሆኑ ነው። ፎቶ ይነሳሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ቁልቁለቱን እንደ ሽልማት ቆጥረው እያወሩ ይወርዳሉ። መውረዱ ከመውጣቱ እኩል ትኩረት የሚሻ ልምምድ ነው። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ ያህል የተመላለሰ ሰው ከፍታው ከዓባይ ዳገት ጋር የሚቀራረብ ሥራ ሠርቷል፤ ሦስት ጊዜም ወርዷል። ከጉዞው በፊት የፍሬን ላስቲኩንና ሽቦውን በአዲስ መቀየር ደግሞ ለክርክር የሚቀርብ ነገር መሆን አልነበረበትም። ለሚያብረቀርቅ መነጽር ገንዘብ አውጥቶ የተበላ ፍሬን ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ብዙ ነው።

ማርሹም ቢሆን ከጉልበት ይቀድማል። ማርሽ የሌለው፣ ከፊት 44 ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ተራ ብስክሌት የዓባይን ዓይነት ዳገት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ፔዳሉ በደቂቃ 30 ጊዜ እንኳ አይዞርም። እያንዳንዱ ርግጫ በአንድ እግር ደረጃ እንደ መውጣት ነው፤ ጉልበት የሚባለው መገጣጠሚያ በመጀመሪያው ሰዓት ይነግራል። ከፊትና ከኋላ እኩል 28 ጥርስ ያለው ማርሽ የገጠመ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል እየዞረ፣ በቀላሉ እየረገጠ ይወጣል። የሁለቱ ሰዎች እግር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። መርካቶ ሄዶ ከኋላ የሚገጠመውን ትልቁን ጥርስ መፈለግ የሁለት ወር ልምምድ ያህል ያግዛል። አንዳንዱ ትንሿን ማርሽ መጠቀም የደካማ ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ የተራራ ውድድር የሚያሸንፉት ሰዎች ራሳቸው ቀላሏን ማርሽ እንደሚፈልጉ ቢያውቅ ምን ይል ይሆን?

ስለ ልምምዱ ብዙ ተጽፏል፤ በአጭሩ ለማለፍ፣ አሥር አሥራ ሁለት ሳምንት ለሚሠራ ሰው ይበቃል። በሳምንት አንድ ረጅም ጉዞ፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ፣ በየአራተኛው ሳምንት ቀነስ ማድረግ። ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ቅዳሜንና እሑድን አከታትሎ መንዳት ነው። የሦስት ቀን ጉዞ የሚፈትነው የመጀመሪያውን ቀን እግር አይደለም፤ በደከመ እግር ጠዋት ተነስቶ ኮርቻ ላይ መቀመጥ ራሱን የቻለ ልማድ ነው። ሻንጣውም ከመካከለኛው ሳምንት ጀምሮ ይጫን። ባዶ ብስክሌት የለመደ ሰው 12 ኪሎ ሲጭን ብስክሌቱ ቁልቁለት ላይ ሌላ ብስክሌት ይሆንበታል።

የአዲስ አበባ ልጅ አንድ በነፃ ያገኘው ነገር አለ፤ ከፍታ። ከ2,300 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ሳንባና ደሙ ሥራውን አስቀድሞ ጨርሷል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት መጥቶ «እኔም አብሬያችሁ ልውጣ» የሚለው ዘመድ ግን በዚህ ከፍታ የሚያገኘው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ብስክሌቱ ካርቦን ቢሆን፣ ጫማው ከፔዳሉ ጋር ቢቆላለፍ፣ ይህን አይለውጠውም። ሁለት ሳምንት ያህል ሰውነቱን ሳያላምድ ጎሐ ጽዮን መሄዱ ዕረፍቱን በራስ ምታት ማሳለፍ ነው።

ስንቅን በተመለከተ ግን የኢትዮጵያ ብስክሌተኛ ከማንም መበደር የለበትም። ሱቅ ውስጥ በውድ ከሚሸጠው የስፖርተኛ ምግብ በፊት በሶ ነበረ። ረጅም ዳገት ላይ ሰውነት በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሊጠቀም ይችላል፤ መቶ ግራም በሶ ወደ 70 ግራም ይሰጣል። በውሃ፣ በጨውና በስኳር ተበጥብጦ በጠርሙስ ቢያዝ እየነዱ የሚጠጣ ነው። ሙዝና ቴምር ይታከልበት። የዓባይን ዳገት ለመውጣት ብቻ ከ1,200 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይቃጠላል፤ ቁርስ በልቶ ደጀን ላይ ምሳ እበላለሁ ያለ ሰው መሐል ላይ እግሩ ይከዳዋል። ከዚህ ጋር የሚነሳ የቀን ጉዳይ አለ። ለዚህ ጉዞ ምርጡ ወቅት ዝናቡ አቁሞ መንገዱ የሚደርቅበት ጥቅምት ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። የጾም ምግቡ በራሱ ችግር የለውም፣ በሶም የጾም ነው፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ 110 ኪሎ ሜትር መንዳት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። የሚጾም ሰው ቀኑን አስቀድሞ ቢቆጥር ይሻለዋል።

የሦስተኛው ቀን ሰዓት ደግሞ በጥብቅ መታሰብ አለበት። የ1,400 ሜትር የከፍታ ልዩነት በሙቀት ሲተረጎም 9 ዲግሪ ገደማ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ጃኬት ያስፈለገው ሰው ድልድዩ አጠገብ ሌላ አገር ይገባል። ንጋት 12 ሰዓት ተነስቶ፣ እየቆመ ወርዶ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ዳገቱን የጀመረ ሰው አናት የሚበሳው ፀሐይ ሳይመጣ አብዛኛውን ጨርሶታል። ሦስት ሰዓት ማርፈድ ማለት ያንኑ ዳገት በእጥፍ ውሃ መውጣት ነው። ሦስት ሊትር ውሃ ከላይ ይዞ መውረድ ከበድ ይላል፤ ያም ሆኖ ቆላው ውስጥ ካሉት ትንንሽ መንደሮች አገኛለሁ ብሎ ከመተማመን ይሻላል። ካላማዳሪም እንደዚሁ። በየከተማው ጎሚስታ አለ፣ ሙያውም አያጠራጥርም፤ የሚያውቀው ግን የአይሱዙና የባጃጅ ጎማ ነው። ለቀጭን ጎማ የሚሆን ካላማዳሪና ለቫልቩ የሚሆን ፖምፓ ከቤት ካልተያዘ ፍቼም ሆነ ጎሐ ጽዮን ላይ አይገኝም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በብስክሌተኛው እጅ ያለ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አይደለም።

ያንን ቁልቁለት ከብስክሌተኛው ጋር የሚጋሩት የነዳጅ ቦቴዎች፣ ሲኖትራኮችና ተሳቢ የጎተቱ መኪናዎች ናቸው። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከብስክሌተኛው ከ450 ጊዜ በላይ ይበልጣል። «ፍሬን በጠሰ» የሚለው በየአደጋው ዜና የሚደጋገም አባባል ብዙ ጊዜ ነገሩን አይገልጸውም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ፍሬኑ መበጠስ ሳይሆን ግሎ መያዝ ማቆሙ ነው፤ በከባድ ማርሽ ወርዶ ሞተሩ እንዲይዘው ከማድረግ ይልቅ በፍሬን ብቻ የወረደ ሹፌር ታች ሲደርስ ፍሬን የለውም። ብስክሌተኛው ላይ የደረሰው ነገር ሹፌሩም ላይ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ሹፌሩ 40 ቶን ይዞ መምጣቱ ነው። ከፊቱ ያለው ብስክሌተኛ ፍሬኑን ቢቀይር፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ቢለማመድ፣ ሄልሜቱ ከውጭ የመጣ ቢሆን ምንም አይጠቅመውም።

የመንገዱም ሁኔታ አያግዝም። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ያማረ ነው። ወደ ድልድዩ የሚያወርደውና የሚያወጣው መንገድ ግን አፈሩ የሚንሸራተት ቦታ ላይ ተኝቷል፤ ከባድ መኪና እየረገጠ አስፋልቱን ሞገድ ሞገድ አድርጎታል። ለቀጭን ጎማ ሞገዱ ወጥመድ ነው። መኪና ከኋላ ሲመጣ ብስክሌተኛው ሸሽቶ የሚገባበት ትከሻ ብዙ ቦታ ላይ ወይ ጠባብ ነው፣ ወይ በተንሸራተተ አፈር ተሸፍኗል።

የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 እስከ 2029 የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ሐሳቡ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ በአዲስ አበባ የሚታየው የብስክሌት መስመርም ከዚያው ሐሳብ ጋር ይሄዳል። ግን መስመሩ የሚያልቀው ዳገቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ከከተማ መውጫው በኋላ ብስክሌት የሚባል ነገር መኖሩን የሚያስታውስ ምልክት እንኳ የለም።

«ይህ የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ ግልጽ ነው። በእርግጥ ሻንጣ ጭኖ ለደስታው ደጀን የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከጫንጮ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን መንገድ ዳር ያየ ሰው እዚያ ማን እንዳለ ያውቃል። አህያዋን ጭና ገበያ የምትሄድ እናት፣ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ፣ በሬ የሚነዳ ገበሬ፣ ጄሪካን የተሸከመች ልጃገረድ። ሁሉም የሚሄዱት ብስክሌተኛው በሚሄድባት በዚያችው ነጭ መስመር ላይ ነው፤ በየቀኑ፣ ያለ ሄልሜት። ለብስክሌተኛው የሚሰፋ ትከሻ በመጀመሪያ የሚያገለግለው እነሱን ነው። ብስክሌተኛው አልፎ ሂያጅ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ሰው በአውቶቡስ በሰላም መሄድ ባልቻለበት ጊዜ ስለ ብስክሌት ማውራት ምን ይባላል? በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን ጨምሮ ከ100 በላይ ተሳፋሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸውን ማንም አልረሳም። ገብረ ጉራቻ ያለችው ከፍቼ ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው ዕቅድ ሁለተኛው ቀን ላይ። ስለዚህ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መንገዱ በተረጋገጠ ሰላም ላይ እስኪሆን ድረስ ዓባይ በረሃን በብስክሌት ለማቋረጥ መነሳት ጀግንነት አይባልም። ይህን በግልጽ ሳይናገሩ ስለ ማርሽና ስለ በሶ ብቻ የሚመክሩ ሰዎች ያልተሟላ ምክር እየሰጡ ነው። የጉዞ ቡድኖችም «ምንም አይሆንም» የሚለውን ቃል ትተው፣ አንድ ቀን በፊት በመንገዱ ያሉ ሰዎችን ደውሎ መጠየቅን፣ መልሱ ካላማረ መሰረዝን የዝግጅት አካል ማድረግ አለባቸው። ልምምዱ አይባክንም፤ እንጦጦ የትም አይሄድም።

ተቃውሞው የሚሳሳተው «ስለዚህ ይቆይ» ሲል ነው። መንገድ ሰላም መሆኑ የሚለካው በምንድን ነው? በወታደር አጀብ የሚያልፍ ኮንቮይ ብዙ አያሳይም። አንድ ሰው ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ በየመንደሩ እየቆመ ውሃ እየለመነ ማለፍ ከቻለ ያ መንገድ ሰላም ነው። ብስክሌተኛ መስኮት የለውም፣ ፈጥኖ አያመልጥም። ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች ነገር እንኳ፣ አገር አቋራጭ ብስክሌተኞች ኢትዮጵያን ሲያነሱ የሚያነሱት ቅሬታ፣ የሚፈታው በጥበቃ ኃይል አይደለም። የሚያልፈው ሰው ቆሞ «እንደምን አደራችሁ» ካለ፣ ልጆቹም እንግዳ ማየት ከለመዱ ድንጋዩ ከእጅ ይወርዳል። የውሻው ነገር ከዚህ ይቀላል፦ ከብስክሌቱ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ መራመድ። ውሻ የሚያሳድደው የሚሮጥ ነገር ነው።

ኪጋሊ ያደረገችውን ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሩዋንዳ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና አስተናገደች። የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን 5,475 ሜትር ሽቅብ ነበረው። ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ፤ ውድድሩን የጨረሱት 30 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኪጋሊ ግን ከአዲስ አበባ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ከተማ ናት። ሩዋንዳ ያንን ዕድል ያገኘችው ኮረብታ ስላላት ብቻ አይደለም፤ ኮረብታ ያለው አገር ብዙ ነው። ለዓመታት በየክፍለ አገሩ የሚዞር የብስክሌት ውድድር በማካሄዷ ሹፌሩም፣ ፖሊሱም፣ መንገድ ዳር የቆመውም ሕፃን ብስክሌተኛ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ለምደዋል።

ኢትዮጵያ ደግሞ ብስክሌትን ከሩጫ ኋላ ያወቀች አገር አይደለችም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት መድረክ፣ ከተወዳዳሪዎቿ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባም በጎዳናው ውድድር ተካፍሏል። ከዚያ በኋላ አንድ ኢትዮጵያዊ ቱር ደ ፍራንስ ላይ እስኪሰለፍ ድረስ ስድሳ ዓመት ፈጅቷል፤ የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016። ጎረቤት ኤርትራ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ እየተለማመደች ቢኒያም ግርማይን አፍርታለች፤ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። አየሩ አንድ፣ ዳገቱ አንድ። አስመራ ውስጥ ለብስክሌት ውድድር ጎዳና መዝጋት የቆየ ልማድ ነው። የአዲስ አበባ ብስክሌተኛ በአንጻሩ የሚለማመደው ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋ ነው፤ ዕድለኛ ከሆነ «መንገድ ለሰው» በሚባለው ቀን ጎዳናው ለጥቂት ሰዓት ይለቀቅለታል።

መፍትሔው ከዓባይ ድልድይ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ያንን ቁልቁለት ለመጠገን በገባ ቁጥር፣ አስፋልቱን ብቻ አልብሶ ከሚወጣ ትከሻውን ከአፈር ቢያጸዳና በሚቻልበት ቦታ አንድ ሜትር ቢያሰፋ። ፍሬን የከዳው መኪና ሽቅብ ገብቶ የሚቆምበት በጠጠር የተሞላ ማምለጫ፣ በሌሎች ተራራማ አገሮች የተለመደው ዓይነት፣ ከረጅሞቹ ቁልቁለቶች ግርጌ ቢሠራ። ከጎሐ ጽዮን መውጫ ላይ ከባድ መኪና ሁሉ በከባድ ማርሽ እንዲወርድ የሚያዝ ምልክት ቢተከል፣ የሚቆጣጠርም የትራፊክ ፖሊስ ቢቆም። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ከመንገዱ ወጣ ያለ፣ አንድ ተሳቢ የሚያቆም ሜዳ ቢደለደል፤ ሹፌሩ ወርዶ ፍሬኑ እስኪበርድ የሚጠብቅበት፣ ብስክሌተኛውም ከጎኑ ቆሞ ቸርኬው ላይ ውሃ ጠብ የሚያደርግበት፣ አህያዋን የምትነዳዋም እናት መኪናው እስኪያልፍ ገለል የምትልበት።